የአካባቢ መረጃ የማን ነው? ከቦሌ ሰማይ እስከ አቃቂ ወንዝ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ አውሮፕላን የአየር ጠባዩ ሳይነገረው ወደ ሰማይ አይወጣም። የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት፣ የደመናው ከፍታ፣ የእይታው ርቀት፣ ሙቀቱና የአየር ግፊቱ ቀንም ሌትም እየተለካ ለአብራሪው ይደርሳል። መረጃው ከዘገየ በረራው ይዘገያል፤ መረጃው ከሌለ በረራም የለም።

ከዚሁ ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ የመዲናዋን ምሥራቃዊ ክፍል አቋርጦ የሚወርደው ትልቁ አቃቂ ወንዝ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ወንዙ ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ፣ ቀበናን የመሰሉ ገባሮችን እየተቀበለ፣ በቦሌና በአቃቂ በኩል አልፎ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። በዳርቻው ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ውኃውን በየዕለቱ ወደ መደባቸው ይመልሳሉ። አትክልቱ በማግስቱ ገበያ ወጥቶ በከተማው ነዋሪ ማዕድ ላይ ይቀርባል። ሆኖም ትናንት የተቀዳው ውኃ ምን እንደያዘ፣ እንደ አየር ትንበያው በሬዲዮ ተነግሮ የሚሰማ ገበሬም ሆነ ሸማች የለም።

በአንድ ከተማ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መንግሥት ሥር አንዱ መረጃ በየሰዓቱ ሲነገር ሌላው በመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ የሚቀረው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት ሀገሪቱ የአካባቢ መረጃን ለመሰብሰብ፣ ለማደራጀትና የሕዝብ ለማድረግ ያደረገችውን ጥረት መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጥረት ውስጥ ደግሞ የአንድ የመንግሥት አገልጋይ የሥራ ዘመን ጎልቶ ይታያል፤ የዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔር።

ከደረቀ ቅጠል እስከ አዋጅ

ዶክተር ተወልደብርሃን በ1932 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በብሪታንያ ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ሙያቸው የዕፀዋት ሳይንስ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆነው ካገለገሉ በኋላ ከ1970 እስከ 1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ሄርባሪየም ኃላፊ ነበሩ።

ሄርባሪየም የደረቁ ዕፀዋት መዝገብ ቤት ነው። እያንዳንዱ ተክል ተጭኖና ደርቆ በወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩም የት እንደተገኘ፣ በምን ከፍታ ላይ እንደበቀለ፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ የሌለው ቅጠል ለሳይንስ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ተመሥርቶ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፀዋት ጥናት፣ ዶክተር ተወልደብርሃን ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበት፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፀዋት ዝርያዎችን መዝግቦ ለመጠናቀቅ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ፈጅቷል። የአካባቢ መረጃ በአንድ በጀት ዓመት ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነታቸው በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የጥበቃ ስትራቴጂ ጽሕፈት ቤትን መሩ። ጽሕፈት ቤቱ የሀገሪቱን አፈር፣ ውኃ፣ ደንና ብዝኀ ሕይወት ሁኔታ በአንድ ላይ አሰባስቦ ለፖሊሲ መነሻ የሚሆን ሰነድ አዘጋጀ፤ አማራ ክልልን ጨምሮ ክልሎችም የየራሳቸውን ስትራቴጂ እንዲያዘጋጁ መንገድ ከፈተ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 9/1987 ሲቋቋም የመጀመሪያው መሪ ሆነው የተሾሙት እርሳቸው ናቸው። በኃላፊነቱም ከ15 ዓመታት በላይ ቆይተዋል።

በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ አንድ ትልቅ መርሕ ይዟል። በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብት ስለ አካባቢው ሁኔታ የማወቅን መብትም እንደሚጨምር ያስቀምጣል። ይህ መርሕ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 እና 92 ጋር የተያያዘ ነው። አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። አዋጅ ቁጥር 295/1995 የአካባቢ ጥበቃ ተቋማትን ከፌዴራል እስከ ክልል አደራጀ፤ የአካባቢ መረጃ ሥርዓት መዘርጋትንም ከባለሥልጣኑ ተግባራት አንዱ አደረገው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ትልልቅ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግላቸውና የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጾ አስተያየት እንዲሰበሰብበት አዘዘ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብክለትን የተመለከተ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ጉዳቱ በግሉ የደረሰበት መሆኑን እንዲያስረዳ እንደማይገደድ ደነገገ። ባለሥልጣኑ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ለአንድ ገበሬ ወይም ለአንድ የከተማ ነዋሪ ይህ ቀላል መብት አይደለም።

ገበሬው የሰጠው መረጃ

የአካባቢ መረጃ ሁልጊዜ ከመንግሥት ወደ ሕዝብ የሚሄድ ብቻ አይደለም። የትኛው የጤፍ ዘር በየትኛው አፈር እንደሚያፈራ፣ የትኛው ገብስ ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ቅጠል ከብት እንደሚያድን የሚያውቀው ገበሬው ነው። ዶክተር ተወልደብርሃን በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁት ለዚህ ዕውቀት በመሟገታቸው ነው። በጥር 1992 ዓ.ም. በሞንትሪያል የጸደቀው የካርታሄና የደኅንነተ ሕይወት ስምምነት ድርድር ላይ የአፍሪካንና የበርካታ ታዳጊ ሀገራትን ድምፅ አሰምተዋል። የማኅበረሰቦችን መብት በሚመለከተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሞዴል ሕግ ዝግጅትም ዋና ተሳታፊ ነበሩ። በአውሮፓውያኑ 2000 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት፣ በ2006 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምን የምድር ጀግና ሽልማት ተቀብለዋል።

ያልተጠበቀ መረጃ ምን እንደሚያስከፍል የጤፍ ጉዳይ አሳይቷል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዘረ መል ስለመጠቀም ተስማሙ። ኩባንያው በኋላ ከሰረ፤ በጤፍ ዱቄት ላይ የተወሰደው የፈጠራ መብት ግን በሌሎች እጅ ቆየ። የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። በሺህ ዓመታት የገበሬ ልምድ የተገኘ ዕውቀት ለባለቤቱ ያስገኘው ጥቅም ይህ ነው የሚባል አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዳይወሰድ የሚከለክለው ይህን የመሰለ ጉዳት ለማስቀረት ነው።

ገበሬው መረጃ ሰጪ ከሆነ፣ መረጃ ተቀባይ የመሆን መብቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሚዛኑ የተዛባውም እዚህ ላይ ነው።

ወንዙና መዝገቡ

የአቃቂ ወንዝ ብክለት አዲስ ዜና አይደለም። ለአሠርት ዓመታት ከቆዳ፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከሌሎች ፋብሪካዎች፣ ከጋራዦች፣ ከሆስፒታሎችና ከመኖሪያ ቤቶች የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ሲለቀቅ ኖሯል። በወንዙ የለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶችን የመረመሩ ጥናቶች በአንዳንዶቹ ላይ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ከሚፈቀደው መጠን በላይ ማግኘታቸውን አሳትመዋል። ጥናቶቹ የወጡት ግን በእንግሊዝኛ በሚታተሙ የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ነው። ውጤቱ በቀጥታ የሚመለከተው ገበሬ መጽሔቱን አያነብም፤ በሚያውቀው ቋንቋ ያስረዳውም እምብዛም ነው።

የ1995ቱ አዋጆች በወጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተፈተኑትም በዚሁ ወንዝ ነው። አንድ ሀገር በቀል የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት አላስቆመም በማለት ራሱን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። የአቤቱታ በሩን በሕግ የከፈተው ተቋም በዚያው በር በኩል ተጠየቀ ማለት ነው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። ወንዙም ፈሰሰ፤ ፍሳሹም ቀጠለ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ፋብሪካዎች የሚለቁትን ብካይ እንዲከታተሉና እንዲመዘግቡ ግዴታ ጣለ። ስለዚህ በሕጉ መሠረት መረጃው መኖር አለበት፤ በፋብሪካው መሳቢያ ውስጥና በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ። የጎደለው ሦስተኛው እርምጃ ነው፤ ከመዝገብ ወጥቶ ለወንዙ ተጠቃሚ መድረስ።

የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ፓርክ ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረ ሥፍራ ላይ የተገነባ ሲሆን፣ ዛሬ አካባቢው ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ይገኛል። ሁለተኛው ምዕራፍ በዓለም ባንክ ብድር ሲደገፍ፣ ባንኩ በራሱ ደንብ መሠረት የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱን ለዓለም ሁሉ ይፋ አደረገ። ሰነዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ብዙ ገጽ ያለው ነው። ዋሽንግተን ያለ ተመራማሪ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። በፓርኩ አጥር ሥር ላለው ነዋሪ ግን ይፋ ሆነ ማለት አልተነበበም፣ አልገባም ማለት ነው። ሕጉ «ለሕዝብ ይገለጽ» ሲል ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መሆኑን ማሰብ ግድ ይላል።

ከአቃቂ እስከ ቦርከና

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በደቡብ ወሎ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። በከተማዋ የሚያልፉ ትንንሽ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከናም የጨፋን ሜዳ አርሶና የከብት መሰማሪያውን አጠጥቶ ወደ አዋሽ ያመራል። የአቃቂና የቦርከና ውኃ በመጨረሻ አንድ ወንዝ ውስጥ ይገናኛል። ስለዚህ በቦሌ ያለ ጓሮ አትክልት አልሚና በጨፋ ያለ ከብት አርቢ አንድ ዓይነት ጥያቄ አላቸው፤ ዛሬ ውኃው ምን ይዞ መጣ?

በጣና ሐይቅ ላይ የእምቦጭ አረም ጉዳይ ያስተማረውም ይኸው ነው። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየቱ ሲታወቅ ሽፋኑ ገና ጠባብ ነበር። ሰፊ የሕዝብ ንቅናቄ የተፈጠረው ግን አረሙ ዓሣ አስጋሪውንና ባለ ከብቱን ካስቸገረ በኋላ ነው። መረጃው ዘግይቶ በደረሰ ቁጥር የሚጠይቀው ጉልበትና ገንዘብ ይበዛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ብሂል ለወንዝና ለሐይቅም ይሠራል።

የአየር ጠባይ ለምን ተለየ?

ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የአየር ጠባይ መረጃ በወቅቱ የሚነገረው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ከሌሎች ስለሚበልጡ አይደለም። ምክንያቱ በታሪኩ ውስጥ አለ። በኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ያደገው በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነው፤ ራሱን የቻለ ተቋም የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ከጅምሩ «መረጃው ካልመጣ አልበርም» የሚል ደንበኛ ነበረው። ይህ ደንበኛ በመኖሩ ጣቢያ ተተከለ፣ መለኪያ ተገዛ፣ ተረኛ ባለሙያ ተመደበ፣ የሰዓት ሰሌዳ ተበጀ። በኋላ ገበሬውም የክረምት፣ የበልግና የበጋ ትንበያ ተጠቃሚ ሆነ።

ወንዙ እንዲህ ያለ ደንበኛ የለውም። ገበሬው «የውኃው ውጤት ካልተነገረኝ አላጠጣም» ቢል መደቡ ይደርቃል፤ ሸማቹ «ጎመኑ የት እንደበቀለ ካላወቅሁ አልገዛም» ቢል ሌላ ምርጫው ጥቂት ነው። የመረጃውን መቅረት ተከትሎ የሚቆም ሥራ ስለሌለ መረጃውም አይቸኩልም። እንግዲህ ዋናው ችግር የመለኪያ እጥረት ብቻ አይደለም። ጠያቂው አቅም የሌለው መሆኑም ጭምር እንጂ።

ይህን ክፍተት የሚያሰፉ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የመጀመሪያው የተቋሙ አለመርጋት ነው። ባለሥልጣኑ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። ስምና አደረጃጀት በተለወጠ ቁጥር የነባሩ መዝገብ ባለቤት ማን እንደሆነና ተከታታይነቱ እንዴት እንደሚጠበቅ እንደገና መልስ ይሻል። ሁለተኛው በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን የመመርመር ሥልጣን በውክልና ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች መሰጠቱ ነው። ውክልናው የሥራ ጫና ለማቃለል የታሰበ ቢሆንም፣ ፕሮጀክቱን የሚያስፋፋው አካል ራሱ ጉዳቱን መዛኝ እንዲሆን ማድረጉ በባለሙያዎች ሲተች ቆይቷል። ሦስተኛው በሌሎች መረጃ ላይ መደገፍ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት የአየር ጥራት ልኬቱን በይፋ ያሠራጭ ነበር፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ ከኤምባሲዎቹ የሚያሠራጨውን ይህን መረጃ አቋረጠ። ውሳኔው የሌላ ሀገር ነው፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ግን የመዲናዋ ነዋሪ ነው።

ከኃላፊዎች በኩል የሚሰማ ስጋትም አለ። ያልተብራራ ቁጥር ሕዝብን ያስደነግጣል፣ ባለሀብትን ያሸሻል፣ የገበሬውን ምርት ገበያ ያሳጣል የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። የአንድ ቀን ናሙና የዓመቱን ሁኔታ አያሳይም፤ በክረምት ሙላት የተለካው ከበጋው ጋር አይመሳሰልም። መልሱ ግን መረጃውን መደበቅ ሳይሆን በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ መለካትና ትርጉሙን አብሮ መናገር ነው። መረጃ በሌለበት የሚነግሠው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ንጹሑን ምርት ከተበከለው አይለይም።

ምን ሊደረግ ይችላል?

አሁን ሁኔታው ለለውጥ የተሻለ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወንዝ ዳርቻ ልማት ላይ ትልቅ ገንዘብ እያፈሰሰ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ በሚበክሉ ግለሰቦችና ድርጅቶች ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ዳርቻው መዋቡና በካዩ መቀጣቱ መልካም ነው። ሆኖም የውኃው ጥራት ውጤት ለሕዝብ ካልተነገረ ቅጣቱ በትክክል መሥራቱን፣ ወንዙም መሻሻሉን ማንም ሊመሰክር አይችልም።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው አዲስ አዋጅ አይደለም። በታወቁ ድልድዮችና የውኃ መጥለፊያዎች ላይ በየወሩ ናሙና መውሰድ፣ ውጤቱን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች በወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳና በሬዲዮ ማሳወቅ፣ ከቁጥሩ ይልቅ «ለመስኖ ይሆናል፣ ለከብት አይሆንም፣ ጥሬ ለሚበላ አትክልት አይሆንም» የሚለውን ግልጽ ምክር ማስቀደም ይቻላል። የተጽዕኖ ግምገማ ሰነዶችም በጥቂት ገጽ ተጠቃለው ለአካባቢው ነዋሪ ቢነበቡ የአዋጁ ዓላማ ይሟላል።

ነዋሪውና ገበሬውም በእጃቸው ያለውን መብት ማወቅ ይገባቸዋል። በአካባቢያቸው የሚገነባ ፋብሪካ ወይም ፓርክ የተጽዕኖ ግምገማ እንዲታይላቸው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ሊጠይቁ ይችላሉ። ብክለት ካዩ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ለክልሉ ወይም ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በጽሑፍ ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ያመለከቱበትን ቀን መዝግቦ መያዝ የ30ና የ60 ቀናቱን ገደብ ለመከታተል ይረዳል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590ም ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካላት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ወንዙ እስካሁን ያጣው ጠያቂ ደንበኛ ከእነዚህ መብቶች ሊወለድ ይችላል፤ አንድ ገበሬ ብቻውን ሲጠይቅ ሊዘነጋ ይችላል፣ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሲጠይቅ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

ዶክተር ተወልደብርሃን በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከሥራ ዘመናቸው የቀሩት የዕፀዋት መዝገቦች፣ ፖሊሲውና አዋጆቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። መሰብሰቡና ማስቀመጡ በብዙ ድካም ተጀምሯል፤ ያልተጠናቀቀው ማድረሱ ነው። የአቃቂም ሆነ የቦርከና ገበሬ የሚጠይቀው ለአብራሪው ከሚሰጠው የበለጠ አይደለም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁኔታውን ማወቅ ነው።